ዋናው አይወጣም

ጋሽ ግልባጭ ሠላሳ ሰባት የሙዚቃ መሣሪያዎች አሏቸው፤ አንዱንም መጫወት አይችሉም። ይህን ሲናገሩ የሚያፍሩ እንዳይመስላችሁ፤ ደረታቸውን ነፍተው ነው። «ሰብሳቢና ተጫዋች ለየቅል ናቸው» ይላሉ። «ተጫዋች እጁ ያልበዋል።» ላብ የሚለውን ቃል ሲጠሩ ከንፈራቸው ይጣመማል፤ ስለ ነውር የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

ሳሎናቸው በፊት ሰው ይቀመጥበት ነበር፤ ኋላ ሰው ተሸንፎ ወጣ። ከበሩ በስተግራ ቱባ የሚባለው ትልቁ የናስ ጥሩምባ ቆሟል። ከሱ ቀጥሎ ሦስት ሳክስፎኖች ነጭ ጨርቅ ተከናንበው ተደርድረዋል። በመስኮቱ ሥር ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት የመጣ ፒያኖ አለ፤ መደርደሪያው ደግሞ ጊታሩን፣ ቫዮሊኑን፣ ክላርኔቱንና ማንዶሊኑን በየሣጥናቸው ይዞ እስከ ጣሪያ ይደርሳል። እንግዳ ሲመጣ በፒያኖውና በቱባው መካከል በተረፈችው ወንበር ጫፍ ላይ ቂብ ይላል። ክርኑን ይሰበስባል። ካስነጠሰው ይቅርታ የሚጠይቀው የቤቱን ባለቤቶች ሳይሆን ቫዮሊኑን ነው።

ስማቸው እርግጥ ሌላ ነው፤ ግን ከመታወቂያ ወረቀታቸው በቀር የትም አይጠራም። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በነዚያ ሠላሳ አንድ ዓመታት ግልባጭ ሳይኖረው ከእጃቸው የወጣ ደብዳቤ የለም። ባለቤታቸውን ለጋብቻ የጠየቁት በጽሑፍ ነው፣ ግልባጩንም ለራሳቸው አስቀርተዋል እየተባለ ይወራል። ውሸት ነው እንዳይባል ባለቤታቸው ወሬውን ሲሰሙ ይስቃሉ እንጂ አያስተባብሉም።

መዝገብ ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፏል። «ዋናው አይወጣም።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «ዋናው በኃላፊው ፊርማ ሲወጣ በቦታው ግልባጭ ይቀመጣል» ይላል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ የገዛ ሹመቱን ደብዳቤ ቢጠይቅ የሚሰጠው ግልባጩ ነው። ጋሽ ግልባጭ ጡረታ ሲወጡ ሕጉን ከበሩ ላይ ልጠው ቤታቸው ይዘውት ገቡ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግልባጩን ተዉለት።

የመሰብሰቡ አባዜ የጀመራቸው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ፈረሰና ዕቃው ሁሉ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ሊወገድ ሆነ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። ከተከመረው ቆሻሻ መሐል አንዲት ቀይ አኮርዲዮን ዓይናቸው ገባች፤ ጎኗ እንደ ዛጎል የሚያብለጨልጭ፣ ነጫጭ ቁልፎቿ ያልተነኩ። በሕጋዊ ደብዳቤ ወሰዷት። ንብረት ቁጥር አንድ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያጽናኑ ገብተው የሟቹን ትሮምቦን ይዘው የወጡበት ጊዜ አለ። ለያንዳንዱ ዕቃ ጨርቅ አሰፉለት፤ ቁጥር በክር አሠሩለት፤ ፋይል ከፈቱለት። ለራሳቸው ነጭ ጓንት፣ ለቤቱ ደግሞ ክብ ማኅተም አስቀረጹ።

ሴቷ ልጃቸው የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ የአኮርዲዮኗን ሣጥን ከፍተው ሲያደንቁ ደረሰች። አንድ ጣቷን አንዲት ነጭ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ድምፅ እንኳ አልወጣም፤ አኮርዲዮን ካልተሳበ አይጮህም። በማግስቱ ትራሷ ላይ ደብዳቤ አገኘች። «ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ ደረጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት ይሆናል።» ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሄደችና እናቷን «ዲሲፕሊን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህ ሲወራ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን «አንተ» ማለት ትታ «እርስዎ» አለች። ጋሽ ግልባጭ ጨዋነት የተማረች መስሏቸው ደስ አላቸው።

የንብረት ቁጥር አንድ ሣጥን በዚያው ተቆለፈ። ቁልፉ ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ ተሰቀለ፤ እሳቸው ምስጢር ነው ይላሉ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሌሎቹም ሣጥን ቢሆን አይከፈትም። በየዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ጋሽ ግልባጭ መዝገቡን ይዘው «ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ክላርኔት» ይላሉ። ባለቤታቸው የሣጥኑን ክዳን ነካ አድርገው «አለ» ይላሉ። ሣጥኑ ካለ ዕቃው አለ። ሠላሳ ሰባት ጊዜ «አለ» ከተባለ በኋላ ሠላሳ ሰባት ቅጽ ይቀርብላቸዋል፤ ሳያነቡ ይፈርማሉ፣ ማኅተማቸውን ይመታሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩበት የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ሳል ጠናባቸው። ሐኪም ቤት ሄደው ያየቻቸው ዶክተር ደረታቸውን አዳምጣ ስታበቃ «ቤትዎ ውስጥ ምን አለ?» አለቻቸው።

«ታሪክ» አሉ ጋሽ ግልባጭ።

«ታሪኩ አቧራ አለው። ወይ እሱ ይውጣ ወይ እርስዎ ይውጡ።»

ጋሽ ግልባጭ ሦስት ቀን ሲያስቡ ሰነበቱ። ስለ ሞታቸው አይደለም ያሰቡት፤ እሱማ በፋይል የተዘጋጀ ጉዳይ ነው። ያስጨነቃቸው ከሳቸው በኋላ ሠላሳ ሰባቱን ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፦ ታላቁ ወንዱ ፋርማሲስት ነው፤ ታናሿ ያቺ አንድ ጣቷን ያሳረፈችው ናት፣ አሁን በአፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። በአራተኛው ቀን ብዕራቸውን አነሡ።

«ጉዳዩ፦ ተተኪ ኃላፊ ስለመምረጥ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የንብረቱ ጠባቂ በጤና ምክንያት ኃላፊነቱን ለተተኪ ማስተላለፍ ስላለበት፣ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሳሎን ውስጥ እንድትገኙ እያሳሰብኩ፣ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ራሱን ከውድድሩ እንዳገለለ የሚቆጠር መሆኑን እገልጻለሁ። ግልባጭ፦ ለእናታችሁ፤ ለፋይል።»

የእናትየው ግልባጭ በማድ ቤት በር ሥር ሾልኮ ገባ። ባለቤታቸው አነሡት፣ አነበቡት፣ ገልብጠው አነጠፉትና ሽንኩርት ከተፉበት።

እሑድ ሁሉም መጣ። ወንዱ ልጅ የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጁን አስከትሏል። ጋሽ ግልባጭ ከረባት አስረው፣ ከመቶ የሚታረም የነጥብ ወረቀት ዘርግተው ተሰየሙ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ብትመረጥ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነበር።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለ ወንዱ። «የኔ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ቱባው ከገባ እኔ እወጣለሁ። ግን አንድ የማውቀው ሰው ሆቴል እየሠራ ነው፤ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያረጁ መሣሪያዎች መስቀል ይፈልጋል። ያምራል አባባ። በሚስማር…»

«በምን?»

«በሚስማር።»

ጋሽ ግልባጭ ክው አሉ። ቫዮሊናቸው የሆቴል ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ፣ ሥሩ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ሲያዛጋ ታያቸው። ወረቀቱ ላይ አራት ጻፉ። አራቱም በሰዓቱ ስለተገኘ ነው።

ይሄኔ የልጅ ልጃቸው ከስልኳ ቀና አለች። «አባባ ትልቁ፣ ለምን ይጨነቃሉ? ሁሉም እኮ እዚህ ውስጥ አሉ።» ጣቷን አሳረፈች፤ ሳክስፎን ጮኸ። ሌላ ነካች፤ አኮርዲዮን። ሌላ ነካች፤ ቱባው ራሱ ሳሎኑን አንቀጠቀጠው። በዚያ ቤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚቃ ተሰማ፤ እሱም ከስልክ። ሦስቱ እውነተኛ ሳክስፎኖች ጨርቃቸውን እንደተከናነቡ ዝም አሉ። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ «ምነው፣ የምን ሠርግ ነው?» አሉና ሳቃቸውን ለመደበቅ ተመልሰው ወጡ።

ተራው የሴቷ ልጅ ሆነ። ጋሽ ግልባጭ ቀና ሳይሉ «የአንቺ ፋይል ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ» አሉ። «ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ አንድ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ተረካቢ ያላየውን ዕቃ ይረከባል?»

ጋሽ ግልባጭ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ያልታየ ዕቃ ተረከብ ያለ ኃላፊ በመዝገብ ቤት ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ልጅቷ በገዛ ቋንቋቸው ያዘቻቸው። «አይረከብም» አሉ ምራቃቸውን ውጠው።

«እንግዲያውስ ሣጥኖቹ ይከፈቱ፤ ባለሙያ ይያቸው። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ባለሙያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተሰባበሩ መሣሪያዎች የሚጠግን፣ ጣቶቹ በሙጫ የጠቆሩ ሰውዬ ነው። ጋሽ ግልባጭ ጓንት ሲዘረጉለት «ተዉት ጋሼ፣ በጓንት ምንም አይሰማኝም» አለና ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ከፈተ። ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሊመጡ ነው፤ ቁጥር አንድን ለመጨረሻ ማስቀመጥ የጋሽ ግልባጭ ሐሳብ ነበር።

የቫዮሊኑ ሙጫ ለቆ ጀርባው በሣጥኑ ውስጥ ለብቻው ተኝቷል። የቀስቱን ፀጉር ብል በልቶት ዱላው ራሰ በራ ቀርቷል። ክላርኔቱ ሲነሣ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሦስቱ ሳክስፎኖች ቁልፎች፣ ከሥራቸው ያለው ቆዳ ተበልቶ ዝገት አንድ ላይ አጣብቋቸዋል፤ ጠጋኙ ቢነፋ ቢነፋ የመጣው የራሱ ሳል ነው። የፒያኖው ክዳን ሲከፈት ደግሞ የአይጥ ጎጆ ተገኘ፤ የተሠራው በደቃቁ ከተቀዳደደ ወረቀት ነው። ጠጋኙ አንዷን ቁራጭ አንሥቶ አነበበ። «"…ግልባጭ፦ ለፋ…" ይላል» አለ። ባለቤታቸው ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው «እሰይ! ቢያንስ አይጦቹ አነበቡት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ጠጋኙ፣ «ይሄ ሳሎን አይደለም፣ መቃብር ነው። ዕቃው እኮ ከመነካት አይደለም የሞተው። ማንም ሳይነካው ነው የሞተው።»

«ሁሉም?»

ጠጋኙ አንዲት ማንዶሊን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ጀርባዋን በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን አስጠጋ። «ይቺ ገና ትተነፍሳለች። ክር ከተቀየረላት ትነሣለች። ሌላው…» እጁን አራገበ።

ጋሽ ግልባጭ ላብ አጠመቃቸው። ግን ቁጥር አንድ አለች፤ ሁሉም ቢጠፋ እሷ አለች። ከሰዓቱ ጀርባ ቁልፉን አወጡና በገዛ እጃቸው ሣጥኑን ከፈቱ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ቁጥር አንድ አልነበረችም። ሲሳብ የሚለጠጠው ሳንባዋ የወጣ፣ ግማሽ ቁልፎቿ የረገፉ፣ ጎኗ በጥፍር ቀለም ቀይ የተቀባች የአኮርዲዮን ቀፎ ናት። ቀፎዋ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ጋሽ ግልባጭ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው አነበቡት።

«ጉዳዩ፦ ንብረት ቁጥር አንድን በውሰት ስለመጠየቅ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ንብረቱ ለማስተማሪያ ስለሚያስፈልገኝ፣ ዋናው በኃላፊው ፊርማ ሲወጣ በቦታው ግልባጭ ይቀመጣል በሚለው መመሪያ መሠረት ግልባጭ አስቀምጬ እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚመለስበት ጊዜ፦ ሲጠየቅ። አመልካች፦ ልጅዎ። ግልባጭ፦ ለእማዬ።»

ከሥሩ «ተፈቅዷል» ይላል፤ ከአጠገቡ የራሳቸው ፊርማና የራሳቸው ክብ ማኅተም አለ። ቀኑ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ የቆጠራ ዕለት ነው። ያን ዓመት የቀረበላቸው ቅጽ ሠላሳ ሰባት ሳይሆን ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ሠላሳ ስምንቱንም ሳያነቡ ፈርመዋል።

ጠጋኙ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ቀፎዋን ለልጅቷ የሸጠላት እሱ ነው፤ ዋናዋንም በየዓመቱ የሚቃኛት እሱ ነው። «እኔ እጄ የለበትም» አለ፣ እንዳለበት በሚያሳብቅ ድምፅ።

ጋሽ ግልባጭ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ግልባጭ ደርሶኛል» አሉ ባለቤታቸው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ።

የሚቆጡበት ጠፋቸው። ሌባ እንዳይሉ ፈቃድ አለ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ እንዳይሉ ማኅተሙ የራሳቸው ነው። ወደ ልጃቸው ደውለው «ንብረቱ ተጠይቋል» ብቻ አሉ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ይምጡና ይረከቡ» አለች ልጃቸው።

በማግስቱ ጓንታቸውንና የርክክብ ቅጻቸውን ይዘው ሄዱ። የክፍሉ ግድግዳ በልጆች እጅ አሻራ ያሸበረቀ ነው። የተሰጣቸው ወንበር የአምስት ዓመት ልጅ ልክ ስለነበር ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ተገናኘ። ልጃቸው መሐል ቆማ ቁጥር አንድን አንግታለች። ቀዩ ቀለሟ በየቦታው ተልጧል። ሳንባዋ በዝናብ ልብስ ጨርቅ ተጥፏል። ሁለት ቁልፎቿ ከእንጨት ማስመሪያ ተፈልጠው የተሠሩ ናቸው፤ አንደኛው ላይ «ሰባት» የሚለው ቁጥር አሁንም ይነበባል። ጎኗ ላይ የጥንቸል ሥዕል ተለጥፏል። ጋሽ ግልባጭ ጉዳቱን መቁጠር ጀመሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ሳንባዋን ሳበች።

አርባ ልጆች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ዘለሉ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዘፈኑ ሲያልቅ ፊቷ ላይ የማርማላታ ቅሪት ያለባት ሕፃን እየሮጠች መጥታ በአንድ ጣቷ አንዲት ቁልፍ ተጫነችና የመጨረሻውን ድምፅ አወጣች። ሁሉም አጨበጨበላት። በየቀኑ የአንድ ልጅ ተራ መሆኑን ጋሽ ግልባጭ የተረዱት ያቺው ሕፃን መጥታ ፊታቸው ስትገተር ነው።

«አንተ ማነህ?» አለቻቸው።

«የዕቃው ባለቤት ነኝ።»

«የቀዮ?» ልጅቷ አዘነችላቸው። «ቀዮ እኮ ባለቤት የላትም። ተራ ነው ያላት። ያንተ ተራ መቼ ነው?»

ጋሽ ግልባጭ የያዙትን ቅጽ አገላበጡ፤ የተራ ዓምድ የለውም። ልጆቹ ወደ ውጭ ሲወጡ ልጃቸው አኮርዲዮኗን አውልቃ «ይረከቡ» አለች። ጓንቱን ሳያጠልቁ ነው የተቀበሉት፤ መቼም ረስተውት ይሆናል። የክብደቷን አያያዝ ስለማያውቁ ሳንባዋ በገዛ ራሷ ተለጠጠና፣ ጣታቸው ካረፈበት ቁልፍ ረጅም፣ የሚያለቅስ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ሊጥሏት ምንም አልቀራቸውም። ልጃቸው ደገፈቻት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ።

«ጠይቄ ነበር። በጽሑፍ።»

«በአፍሽ ነው የምልሽ።»

«በአፌ ብጠይቅ ምን ይሉኝ ነበር?»

ሁለቱም መልሱን ያውቁታል። ከዚያ ለጋሽ ግልባጭ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው፤ ተተኪ ፍለጋው እኮ አለቀ! «ከመቶ መቶ ሰጥቼሻለሁ» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ተመርጠሻል። ሠላሳ ስድስቱንም ውሰጂ።»

«አልፈልግም፣ አባባ።»

«እንዴት አልፈልግም ይባላል? ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኩት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማልፈልገው።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተነሣም፤ ግን ለሠላሳ ዓመት ተጠንቅቆ የተቀመጠ ነገር ነበርና አንጀታቸው ድረስ ገባ። «እኛ ቤት ቦታ ያጣነው በነሱ ነው። እኔ ጠባቂ አልሆንም። ለልጆቹ ይሁን ካሉ እወስዳለሁ፤ ጠጋኙ አምስቱን ፈትቶ አንድ የሚሠራ ማውጣት ይችላል። ግን ይነካሉ። ይሰበራሉ። ቁጥር የለም፣ ፋይል የለም። ከሰጡ በኋላ እንዴት ሆነ ብለው አይጠይቁኝም።»

«ስንት ዓመት ይቆያሉ?»

«እንጃ። አንዳንዱ እስከ ሳምንት።»

ጋሽ ግልባጭ የርክክቡን ቅጽ ሳይሞሉ፣ አኮርዲዮኗንም ሳይወስዱ ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ በዚያች ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሬሳዎቻቸውን ሲያዩ ዋሉ። ሕይወታቸውን ሁሉ ያዋሉት ለልጆቻቸው ነው ብለው ነበር የሚያምኑት፤ ከልጆቻቸው አንዱ ሚስማር አመጣ፣ ሌላዋ አልፈልግም አለች። ሆድ ባሳቸው። ባለቤታቸው አላጽናኗቸውም፤ ሻይ ብቻ አስቀመጡላቸው። በሦስተኛው ቀን ማንዶሊኗን ወደ ጠጋኙ ወሰዷት፤ አዲስ ክር ገባላት። ቁጥሯን ከአንገቷ በመቀስ ቆርጠው በታክሲ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሷት። ለዘበኛው ሰጥተው፣ ደረሰኝ ሳይጠይቁ ተመለሱ። ይህንን ያዩ የድሮ ባልደረቦቻቸው ቢኖሩ አምቡላንስ ይጠሩ ነበር።

እስከ ሐሙስ ቻሉ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ልጆቹ የሚተኙበትን ሰዓት ጠብቀው ደወሉ።

«አቤት አባባ።»

«እንዴት ናት?» አሉ።

«ማን? እማዬ? እርስዎ ጋ አይደለች እንዴ?»

«ማንዶሊኗ።»

ልጃቸው ተነፈሰች። «ላይጠይቁኝ ተስማምተን ነበር።»

«አውቃለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ደህና ናት ወይስ ሰበሯት? ንገሪኝና ይውጣልኝ። ትበላለች… ማለቴ፣ ውሃ ያለበት ቦታ አላስቀመጣችኋትም? ፀሐይስ አይነካትም?»

«አንድ ክር ተበጥሶባታል። ሌላው ደህና ነው።»

«አንድ ክር!» አሉ፤ ግን ተበላሸች ሳይሆን ዳነች በሚል ድምፅ።

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሚያንኮራፋ ሕፃን ይሰማል። ከዚያ ልጃቸው ቀስ ብላ፣ ሕፃናቱን ላለመቀስቀስ በሚመስል ድምፅ፣ «አባባ» አለች።

«ወይ።»

«ለኔ እንዲህ ደውለህልኝ ታውቃለህ?»

ጋሽ ግልባጭ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ወይ ያን ጊዜ ከባሏ ስትለያይ… ፈለጉ፤ አላገኙም። በሁለቱም ጊዜ የጻፉላትን ደብዳቤ ግን ቃል በቃል ያስታውሱታል። የበደሉት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ታያቸው። ልጃቸው ስልኩን ትዘጋዋለች ብለው ፈሩ፤ አልዘጋችውም።

«አንቺስ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ልጅቷ መናገር ጀመረች፤ ብዙ ነበር። አባቷ በሳሎኑ መሐል ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳያቋርጧት፣ እንደቆሙ ሰሟት።